ሳትሞቅ የማትቃኘው

ወጣት ሙዚቀኞች ሲገናኙ የማይቀርላቸው አንድ ጥያቄ አለ። «ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች፣ ከሲንተሳይዘሮች ሁሉ አንዱን ብቻ የራስሽ አድርጊ ብትባዪ የቱን ትመርጫለሽ?» ይሉኛል። እኔ አፌን ሳልከፍት እርስ በርሳቸው ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ ድምፁ ወፍራም ነው ይላል፣ ሌላው የድሮው አናሎግ ነፍስ አለው ይላል። ለእኔ ጥያቄው ጨዋታ አይደለም። በእውነት አንዱን ምረጪ ተብዬ አውቃለሁ፤ በደርግ ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት፣ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ ቁልፍ የያዘ ጓድ አጠገቤ ቆሞ።

ያኔ የከተማው የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ስብሰባ ሁሉ በእኛ ዘፈን ይከፈታል፣ በእኛ ዘፈን ይዘጋል። ሴት ልጅ ኪቦርድ ስትጫወት ማየት ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር ስለነበረ እኔን ለማየት ብቻ የሚመጣም አይጠፋም ነበር። ምን እደብቃለሁ፣ ኩራት ቢጤ ነበረብኝ። የምጫወትባት የአዳራሹ ኦርጋን ግን ግማሽ ቁልፏ የሞተ፣ የቀረውም እንደ ጉንፋናም ሰው የሚያጉረመርም ነበር።

ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። ወንድሜ ከሮቢ ወንዝ አጠገብ ያለችውን የሽንኩርት ማሳችንን ይሠራል። በአንድ ክረምት ተመዘዘና ከበሩ ጉበን በላይ ሆነ። በሌላ ዘመን እናት ልጇ ሲረዝም ደስ ይላታል። የእኔ እናት ግን ጎንበስ ብሎ ሲገባ ባየችው ቁጥር «ያ ረቢ፣ ምነው ባሳጠርክልኝ» ትል ነበር። ለውትድርና የሚያፍሱት ሰዎች ዕድሜ አይጠይቁም፤ ቁመት አይተው ነው የሚጭኑት።

የመጀመሪያውን አፈሳ ያየሁት ከመድረክ ላይ ሆኜ ነው። የወጣቶች ስብሰባ አለ፣ ኪነት ይቀርባል ተባለ። ልጆቹ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ዘፈን ሊሰሙ መጡ። እየተጫወትን ሳለ በሮቹ ከውጭ ተዘጉ። በጓሮ በኩል የጭነት መኪኖች ቆመው ነበር። የሆነው ሲገባቸው አንዳንዶቹ በመስኮት ሊወጡ ሞከሩ፣ አንዳንዶቹ ዝም ብለው እኛን ያዩን ነበር። የቡድን መሪያችን ላብ እያጠመቀው «እንዳታቆሙ» አለን። አላቆምንም። ወንድሜ የዚያን ዕለት ሽንኩርት ይዞ ማጀቴ ገበያ ሄዶ ስለነበር ተረፈ። እኔ ግን ምን እንደሆንን ያን ቀን ገባኝ፤ ለወፍ ወጥመድ የሚበተን ጥሬ ነበርን።

ከዚያ በኋላ በኪነት ውድድር ቡድናችን አንደኛ ወጣ። የወረዳው ኃላፊ፣ ካኪው ሁልጊዜ እንደተተኮሰ የሚውል፣ ሲያናግርህ ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉር ሰው፣ አስጠራኝና ወደ መጋዘን ወሰደኝ። «ከተወረሱት መሣሪያዎች አንዱን ምረጪ። ሽልማትሽ ነው፣ የግልሽ ይሆናል። የቀሩት ወደ ላይ ይላካሉ» አለኝ።

ሦስት ሲንተሳይዘሮች ነበሩ። ሦስቱም የደሴ መንገድ ሹፌሮች ከሚያድሩበት ሆቴል የመጡ ናቸው፤ ሆቴሉ ባንድ ነበረው፣ ተወረሰ፣ ባንዱም ተበተነ። የባንዱን ኪቦርድ ተጫዋች አንድ ቀን ወስደውት አልተመለሰም። «ሰውየውስ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የቱ ሰውዬ?» አለኝ ኃላፊው፣ ስንጥሩን ከአፉ አውጥቶ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም።

አንደኛው ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ እንደ አልጋ የከበደ፣ የብዙ ቫዮሊን ድምፅ የሚያወጣ። ሁለተኛው ጃፓን ሠራሽ፣ አዲስ፤ ብዙ ቁልፍ በአንዴ ብትነካም ሁሉንም አጥርቶ ይሰጥሃል፣ ቅኝቱ ንቅንቅ አይልም፣ ገና ስታበራው ዝግጁ ነው። ሦስተኛዋ ትንሽ ናት። ጎንና ጎኗ እንጨት፣ ፊቷ በሙሉ የሚጠማዘዝ ቁልፍ። በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የምታወጣው፣ እሱም አይረጋም። ቆላው ሲሞቅ ቅኝቷ ይወጣል፣ ነፋስ ሲገባ ይወርዳል። ጃፓኑን ደጋግሜ ነካካሁት። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ ያን ያህል የተመኘሁት ዕቃ የለም። ነገ መልሴን አመጣለሁ ብዬ ወጣሁ፤ ለይስሙላ እንጂ መርጬ ጨርሼ ነበር።

እናቴ ስትሰማ አልሳቀችም። «የሰው ሐቅ ነው» አለች። «የሆቴሉ ባለቤት በአፏ አውፍ ሳትልሽ እዚህ ቤት አይገባም። ሐራም ነው።» እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ የተቀማ ነገር መንግሥት ፈቀደልህ ተብሎ አይጠራም፣ የሚያጠራው የባለቤቱ ይቅርታ ነው። እኔም እሷን ላስደስት ብዬ በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ካራቆሬ ወረድኩ። ያቺ ባለ ሆቴል መንገድ ዳር ሻይ አፍልታ እየሸጠች እንደምትኖር ሰምቼ ነበር።

አገኘኋት። ትልቅ ሴት ናት፤ በዳስ ሥር ተቀምጣ እንኳ የሆቴል ባለቤትነቷ አልለቀቃትም፣ ሹፌሮቹን እየተቆጣች ነው የምታስተናግደው። የመጣሁበትን ነገርኳት።

«እትዬ፣ አውፍ በሉኝ» አልኳት። «እኔ ባልወስደው ሌላ ሰው ይወስደዋል።»

የያዘችውን ብርጭቆ አለቅልቃ ደፋችው። «አውፍ ብዬሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «አላህ በኸይር ያስጠቅምሽ። ግን የትኛውን ነው የምትወስጂው?»

«አዲሱን፣ ጃፓኑን።»

«እሱ እንኳ ትንሿን ነበር የሚወዳት» አለች። እሱ ያለችው የማይመለሰውን ተጫዋቿን ነው። «ጣጣዋ ግን! ሳትሞቅ አትቃኝማ። ከቀትር በኋላ ያበራትና አንዷን ወፍራም ድምፅ ይዞ ይቀመጣል፣ እስክትረጋ። እንደ ንብ ቀፎ እም ስትል አገሩ ይሰማታል። ሹፌሩ ሁሉ ‹ዛሬ ባንድ አለ› ብሎ መኪናውን ያቆማል። ጥሪ አስፈልጎኝ አያውቅም።»

ስመለስ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ መንገዱን አላየሁትም። ጥሪ የሚሆን ነገር ማስጠንቀቂያም ይሆናል። ስብሰባ ሊኖር ሲል አስቀድሞ የሚነገረው ለእኛ ለኪነቶቹ ነው። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ጣሪያው ላይ ነው፣ ወደ ማሳዎቹ ዞሮ። መብራቱም ከመንግሥት እርሻው ሞተር የተሳበ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ጃፓኑን ከያዝኩ ሕዝቡ ገብቶ በር እስኪዘጋ ድረስ አንዲት ድምፅ ሳላሰማ እቆያለሁ። ትንሿን ከያዝኩ ግን ማንም ምን አደረግሽ ሊለኝ ሳይችል አንድ ሙሉ ሰዓት እጮኻለሁ፤ መሣሪያዋ እንደዚያ ናት።

መጋዘኑ ውስጥ ጃፓኑን አንድ ጊዜ ዳሰስኩት። አለቅስ ነበር፣ ኃላፊው ባይኖር። «ይቺን» አልኩ፣ ትንሿን አሳይቼ።

ሳቀ። «ጓዲት፣ ከአንድ ድምፅ በላይ የማታወጣ መሣሪያ?»

«ምን ይደረግ ጓድ፣ እኔስ ያለኝ አንድ አፍ አይደል?» አልኩት። ጠባይዋን ነገርኩት፤ ሳትሞቅ አትቃኝም፣ ቀደም ብዬ ማብራት አለብኝ፣ አዳራሹ ሲሞላ ድጋሚ እንዳላስቸግር በጣሪያው ድምፅ ማጉያ ነው የምቃኛት። «ሙያው የአንቺ ነው» ብሎ ፈረመልኝ።

ለወንድሜ ብቻ ነገርኩት። «እታለም፣ አንቺ እኮ ሰይጣን ነሽ» አለኝ፣ በኩራት። እሱ ለጓደኞቹ በሹክሹክታ አደረሰ፣ ጓደኞቹ ለእናቶቻቸው። ልምምድ ስናደርግ የጣሪያውን አንከፍትም፤ ስለዚህ ከአዳራሹ ያች ወፍራም ድምፅ ስትሰማ ስብሰባ አለ ማለት ነው። ሰው በሰላምታ መሐል እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እየቃኘች ነው» ይባባላል። ከዚያ ጎረምሳ የተባለ ሁሉ የሮቢን ወንዝ ተሻግሮ በቀወት በኩል ካለው ማሽላ ውስጥ ይገባል። ወንድሜም አብሮ።

በስብሰባው ሽማግሌና አሮጊት ብቻ ይመጣ ጀመር። ኃላፊው ስለ አብዮታዊ ግዴታ ይናገራል፣ ሽማግሌዎቹ ያጨበጭባሉ፣ ጓሮ የቆሙት መኪኖች ባዶአቸውን ይመለሳሉ። እኔ መድረክ ላይ ሆኜ ባዶ ወንበር ሳይ በሆዴ እስቃለሁ።

በዚህ መሐል ሳላስበው ያቺን መሣሪያ ወደድኳት። አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያላት፣ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ እንደ መንዙማ አውጪ ጉሮሮ እየተንሸራተተች ነው። የባቲን ቅኝት ስጫወትባት አጃቢ መኖሩን እረሳለሁ። እናቴ እንኳ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሰምታኝ «ይቺስ ዱዓ ታውቃለች» አለች። ማንም ሰው ጠይቆኝ ቢሆን ያን ጊዜ መልሴ እሷ ነበረች፤ ጃፓኑን ረስቼው ነበር።

ኃላፊው ግን ሞኝ አልነበረም። ልምምድ ላይ መምጣት ጀመረ። አጠገቤ ይቆምና ቁልፎቹን በስንጥሩ ጫፍ ይነካካል።

«ስትሞቅ የምታሰማው ድምፅ እስከ የት ይደርሳል?» አለኝ አንድ ቀን።

«እዚሁ አደባባዩ ድረስ ይሆናል፣ ጓድ።»

«እኔ እንኳ ሮቢ ዳር ሆኜ ሰምቻታለሁ። ደስ ትላለች።» ስንጥሩን ወደ አፉ መልሶ ወጣ። ለወንድሜ ነገርኩት፤ «ቢያውቅ ኖሮ ይቀማሽ ነበር» አለኝ። እውነት መሰለኝ። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት መልእክተኛ መጣ፤ ከቀትር በኋላ ስብሰባ አለ፣ መሣሪያሽን አሙቂ። ሄድኩ። ኃላፊው ቀድሞኝ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የጣሪያውን ድምፅ ማጉያ በገዛ እጁ ከፈተና እስከ መጨረሻው አዞረው። እኔም አብርቼ ያችን ወፍራም ድምፅ ያዝኩ። ቆርቆሮው ይንዘፈዘፋል። ወንበሮቹ አልተደረደሩም። ሰንደቅ ዓላማው አልተሰቀለም። ከቡድኑ አንድ ሰው አልመጣም።

«ጓዶቹስ?» አልኩት።

«ይመጣሉ።» ፊት ለፊቴ ባለ አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ በእግሩ ይመታል፤ ለሚያየው ሙዚቃ የሚወድ ሰው ነው። ቅኝቷ ትንሽ ወጣ፣ አወረድኩት፤ እንደገና ወጣ፣ እንደገና አወረድኩት። ቀስ በቀስ ረጋች። የሚመጣ ሰው የለም። በጓሮ በኩል ጆሮዬን ጣልኩ፤ የመኪና ድምፅ የለም። በዚህ ደስ ሊለኝ ሲገባ በሩን በሩን አየሁ።

«ተቃኝታለች፣ ጓድ» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። «ትንሽ ያዢያት።»

ያዝኳት። ጣቴ ደነዘዘ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከወንዙ በኩል፣ ከሩቅ፣ የከባድ መኪና ሞተር ሲነሳ ሰማሁ። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። መኪኖቹ ዛሬ ጓሮ አልነበሩም፤ ሲጠብቁ የዋሉት መሻገሪያው ላይ ነው። ልጆቹ ደግሞ ድምፄን ሰምተው ወደዚያው ሮጠዋል።

ኃላፊው ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። «በቃ፣ አጥፊያት» አለኝ። «ዛሬ ስብሰባ የለም።»

ጣቴን ማንሳት አቃተኝ። ድምፅዋ በጣሪያው ላይ ቀጠለች፤ ገና በመንገድ ላይ የሚሮጥ ልጅ ካለ ወደ መኪኖቹ እየነዳሁት ነበር። ይህ ሲገባኝ ነው ገመዱን ከግድግዳው የነቀልኩት።

ሰፈራችን ድረስ ሮጥኩ። ወንድሜ ሰምቷት እንዳይሆን፣ ተኝቶ እንዲሆን፣ አንድ ቀን እንኳ ሰንፎ እንዲሆን አላህን ለመንኩት። እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ሽንኩርት ትለቅማለች። ፊቷ ፈክቷል።

«አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። «ዛሬ ደክሞት ተኝቶ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ቀስቅሼ አስወጣሁት፣ ጫማውንም አላጠለቀ። ይሄኔ ወንዙን ተሻግሯል።» ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ። «ምነው፣ ስብሰባው ቶሎ አለቀሳ?»

«ስብሰባ አልነበረም፣ እማ» አልኳት።