ሁለት ብልቃጥ ጥንዚዛ ከተገዘተ ደን

ጠዋት 12፡30። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በእግሬ ተነሣሁ። ትልቅ ዛፍ ወድቆ የደን ጣሪያ ሲቀደድና ብርሃን ሲገባ፣ በወደቀ ግንድ ውስጥ የሚኖሩ ጥንዚዛዎች ምን ይሆናሉ? በስልኬ ያነበብኩት ስለ ሩቅ አገር ነበር፤ የእኛን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። በክረምቱ ነፋስ ትልቅ ዝግባ የወደቀበት የቤተ ክርስቲያን ደን እንዳለ አንድ ገበያተኛ ነግሮኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ደብተር፣ ሁለት ብልቃጥ፣ ቆሎና ትንሽ መጥረቢያ አለ። መጥረቢያዋን መያዜ ስሕተት ነበር።

3፡00። የገብሱን ማሳ አቋርጬ ደረስኩ። ቄሰ ገበዙን ሳላስፈቅድ በጓሮ በኩል ገባሁ።

ውስጡ ድንግዝግዝ ነው። የራሴ ኮቴ ያስደነግጠኛል። ዝግባው ከነሥሩ ተነቅሎ ሁለት ወይራ ይዞ ወድቋል፤ በላዩ ሰማይ ይታያል። ፀሐይ በሚመታው በኩል ቅርፊቱን በመጥረቢያ ፈለቀቅሁ። እንጨቱ ደረቅ ነው፤ ቀንደ ረጃጅም ጥንዚዛዎች፣ ሦስት። ጫፉ ግን ጥላ ውስጥ ነው፤ እርጥብና የሻገተ። እዚያ ሌላ ዓይነት፣ ጥቁር አብረቅራቂ፣ አምስት። ሁለቱን ዓይነት በየብልቃጡ ከትቼ ያነሣሁበትን ደብተሬ ላይ ጫርኩ። መካከላቸው አሥራ ሁለት እርምጃ ብቻ።

“እጅህን! እጅህን ወደ ላይ!”

የደኑ ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃው ደረቴ ላይ። “ባለፈው ወር ጽዳችንን ለቆረጡት ሌቦች መንገድ ያሳየኸው አንተ ነህ!” ጩኸቱን ሰምተው ዱላ የያዙ ሰዎች ከበቡኝ።

“ጥንዚዛ ልቆጥር ነው” አልኩ።

“እኔ ቤት ቁንጫ ሞልቷል፤ ና ቁጠርልኝ!” አለ አንዱ። ማንም አልሳቀም።

ቄሰ ገበዙ መጡ። “ከዚህ ደን ቅጠል አይወጣም፤ ግዝት ነው። የወደቀውም የታቦቱ ነው። ምን ወሰድህ?”

ብልቃጦቹን አሳየኋቸው። “እነዚህን፣ አባቴ።”

“እንግዲያው ካነሣህበት መልስ። ቆጣሪ ከሆንክ ታውቀዋለህ፤ ሌባ ከሆንክ ግን…” አልጨረሱትም።

ደብተሬን ገለጥኩ። ሦስቱን ፀሐዩ ላይ፣ አራቱን ጥላው ውስጥ መለስኩ። አምስተኛውን ጥቁር ቄሰ ገበዙ ተቀበሉኝና ፀሐዩ ላይ አኖሩት።

“እዚህስ?”

“አይሆንም አባቴ፤ ጥላ ነው የሚፈልገው።”

ሁላችንም አጎንብሰን አየን። ጥንዚዛው ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ በግንዱ ሆድ ሥር ወደ ጥላው ሮጠ።

“ቤቱን ያውቃል” አሉ ቄሰ ገበዙ። ጠባቂው ጠመንጃውን አወረደ። ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ ግን በር አታውቅም። ሌላ ጊዜ በፊት ለፊት ና። መጥረቢያዋ ትቀራለች።”

10፡00። በባዶ ብልቃጥ ቤቴ ገባሁ። የተቀደደው ጣሪያ ለአንዱ ጥንዚዛ ቤት ከፍቶለታል፤ ሌላውን ወደ ጥላ ጫፍ ገፍቶታል። አንድ ግንድ አይቼ ከዚህ የበለጠ ልል አልችልም። ይህንንም የጻፍኩት በማግስቱ ነው፤ በዚያ ማታ እጄ እስክሪብቶ አልያዘም።