የልጄ ግራ ዓይን

ወሬ አላበዛም፤ ይቺን ግን ልናገር። ልጄ ካርቱም፣ ካፉሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ሀብታም ግቢ ዘበኛ ነበር። የተቃውሞ ሰልፉ በበረታበት ሰሞን ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ የአስለቃሽ ጭስ ቆርቆሮ ግራ ዓይኑን አጠፋው። ወደ እርሻችን ልመልሰው ሄድኩ።

አሠሪው ቀስት መወርወር ይወዳል፤ ልጄንም ያለማምደው ነበር። ልጄ የሚስበው በቀኝ እጁ ነው። ሲያነጣጥር የሚበረታው ዓይኑ ግን ግራው ስለነበር ፍላጻው ሁሌ ወደ ግራ ይስት ነበር። «ያንን ዓይን በጨርቅ ሸፍነው» አሠሪው ሲለው፣ «ዘበኛ ዓይኑን ይሸፍናል እንዴ?» እያለ ያስቀው ነበር አሉ።

ልውሰደው ስል አሠሪው በዓረብኛ መለሰ፤ የተረጎመልኝ ራሱ ልጄ ነው።

«አንድ ዓይና ዘበኛ ምን ያደርግልኛል? የላ፣ በል፣ ያንን የአሸዋ ጆንያ በቀስት ከመታ ይቆይ፤ ከሳተ ውሰደው ይልሃል።»

ልጄ ቀስቱን አነሳ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ እንዲስት ጸለይኩ። ለልጄ ክፉ ተመኝቼ አላውቅም ነበር።

ፍላጻው ጆንያው መሐል ላይ ተሰካ። አሠሪው አጨበጨበ።

ልጄ በቀረችው ዓይኑ እያየኝ ሳቀ።

«አየህ አባ፣ አሁን መሸፈኛ አያሻኝም።»