«ጆሮዬን ተዉልኝ»

የኔታ ፈንታ ማረፋቸውን ያልሰማችሁ ካላችሁ እርማችሁን አውጡ፤ የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህራችን ከእኛ ተለይተዋል። ቀብረናቸው አርባቸውንም አውጥተናል። ይህን የምጽፈው ተማሪያቸው ነኝ፤ ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው።

ድምፃቸውን የሰማ አይረሳውም። ዋሻው ውስጥ ማኅሌት ሲቆሙ ከአለቱ የሚንጠባጠበው ጠበል እንኳ ቀጥ ያለ ይመስለን ነበር። ኋላ ጉሮሯቸውን ነቀርሳ ያዘውና አዲስ አበባ ይዣቸው ሄድሁ። ሐኪሙ እቅጩን ነገራቸው፤ ማንቁርታቸው ካልወጣ አይተርፉም፣ ከወጣ ደግሞ ድምፅ የለም።

«ለመሆኑ ከዚያ በኋላ ምን እየሠሩ መኖር ይፈልጋሉ?» አላቸው። እግዜር ይስጠው፣ በሽታውን ብቻ አላየም።

«ማስተማር።»

«ያለ ድምፅ?»

የኔታ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ስሕተት የሚታወቀው በጆሮ ነው። ጆሮዬን ብቻ ተዉልኝ።»

ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንዴት እንደሚውጡ፣ አንገታቸው ላይ የተከፈተውን መተንፈሻ እንዴት እንደሚያጸዱ ሐኪሙ ታግሦ አስተማራቸው፤ ተመለስን። ሲተነፍሱ ቀዳዳው ያፏጫል። «የሙት ትንፋሽ ነው» ብሎ መንገድ የሚለቅላቸው አልጠፋም። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ዝም ማለት ያስጠረጥራል፤ አዲሱ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር በስብሰባ መካከል «አንቱ፣ ‹ይውደም!› ሲባል ዝም የሚሉት ምነው?» ብሎ አፈጠጠባቸው። የኔታ ቀዳዳውን የሚሸፍኑበትን ሻሽ ገለጥ አደረጉለት። ከዚያ ወዲያ ለስብሰባ የጠራቸው የለም!

እኛን ግን በመቋሚያቸው አስተማሩን። ስንስት አለቱን ኳ! ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ርክርክ በሚሉት፣ ድምፅ በሚንቀጠቀጥበት ስፍራ ላይ ሁልጊዜ እንቸኩላለን። ኳ! አቤት ሲያስመርሩን! አስተካክለን ስንመልሰው ግን ዓይናቸው ይስቃል። ደስ ብሏቸው ነው የኖሩት፤ እኔ ምስክር ነኝ።

በአርባቸው ዕለት ዋሻው ውስጥ ቆምን። መቋሚያቸው ግድግዳውን ተደግፏል፣ አጠገቡ ማንም የለም። ርክርኩ ላይ ስንደርስ እንደ ልማዳችን ቸኮልን።

ኳ!

ሁላችንም ወደ መቋሚያው ዞርን። መቋሚያው እንደተደገፈ ነው። ከውስጥ፣ ከጨለማው በኩል፣ ያ ፉጨት ተሰማና ቀስ ብሎ ጠፋ። ነፋስ ነው ያለ አለ፤ አልተከራከርሁትም። ወደ ኋላ ተመልሰን አስተካክለን ዘለቅነው።

የኔታ፣ እንግዲህ በሰላም ይረፉ። በርክርኩ ነገር አይዘኑብን፤ አሁን አሳምረን እናውቀዋለን። ዋሻው ውስጥ ቆመን እዚያች ቦታ ስንደርስ ግን ዛሬም እንቸኩላለን። አውቀን ነው፣ የኔታ።