በእምነት የመሰከርኩት ምዕራፍ

ሰው ማመን ይከብደኛል፤ አልደብቅም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ግርግር በኋላ ለንደን ስገባ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ሃርልስደን አንድ ክፍል ተከራይቼ ስኖር፣ ጎረቤት ሰላም ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። የማምናቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ሼፈርድስ ቡሽ የሚኖሩ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ የጸሎት ጓደኛዬ። እትዬ እላቸዋለሁ።

ሁለታችንም ሺፍት ስለምንሠራ ከእሁድ በቀር አንገናኝም። ስልክ ደግሞ አይወዱም፤ ወሬ ያበዛል ይላሉ። ስለዚህ በአንድ ከተማ እየኖርን በፖስታ መጻጻፍ ጀመርን። ደንባችን አንድ ነበር፦ የጸለይንበት ነገር ሲፈጸም ደብዳቤው ለጻፈው ሰው ይመለሳል፤ እስኪፈጸም ድረስ የሚጸልየው ሰው ጋ ይቀመጣል። ስለ መኖሪያ ፈቃዴ የጻፍኩት፣ ስለ ሥራ የጻፍኩት፣ ስለ ጨጓራዬ የጻፍኩት ሁሉ በየጊዜው ተመልሶልኛል። አንዱ ግን ቀረ።

እሱ ከታናሽ እህቴ ጋር እንድንታረቅ የጻፍኩት ነበር። እናታችን አዲስ አበባ ስታርፍ እህቴ እዚሁ ለንደን፣ ስቶክዌል፣ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከወለደች በኋላ ትረዳ ብዬ መርዶውን ደበቅኳት። ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ መሀል አንዲት ሴት ድንገት "እግዜር ያጥናሽ" አለቻት። መደበቄን ያወቀችው እንዲያ ነው፤ በዚያው ተቆራረጥን።

አንድ እሁድ ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል ብድግ አልኩና፣ ከእህቴ ጋር ታርቄያለሁ ብዬ መሰከርኩ። አልታረቅንም። እኛ ዘንድ ገና ያልሆነውን እንደሆነ ቆጥሮ በእምነት መመስከር አለ፤ እኔም በእምነት ነው ያልኩት። በእምነት መሆኑን ግን ሳልናገር ቀረሁ። እልልታው ከቀለጠ በኋላ ማን ይመለሳል! እትዬ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አላጨበጨቡም። ደብዳቤውንም አልመለሱልኝም።

ከደብዳቤዎቻችን ተነሥቼ መጽሐፍ ስጽፍ፣ ያ እርቅ አሥራ ሁለተኛውና የመጨረሻው ምዕራፍ ሆነ። አሳታሚ ጋ አልሄድኩም፤ ሐሳቤን ቢሰርቀኝስ? በታዘዘ ቁጥር የሚያትም ድረ ገጽ አግኝቼ ራሴ አፕሎድ አደረግኩ። የመጀመሪያው ናሙና ሲመጣ ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኗል። ሆን ብለው ነው አልኩ። ፎንቱን ስቀይር ሁለተኛው ደህና ሆኖ መጣ፤ የእሳቸውም ቃል ስላለበት አንብበው እንዲፈቅዱልኝ ለእትዬ ላክሁላቸው።

ሁለት ሳምንት ድምፃቸው ጠፋ። ከዚያ ስልክ የማይወዱት ሴትዮ ደወሉ። ስለ መጽሐፉ ምንም ሳይሉ፣ የእህትሽ ቤት ስቶክዌል የት ጋ ነው አሉኝ። ቤት መቀየሯን ሰምቻለሁ፤ የት እንደገባች ግን አላውቅም። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ዘጋሁት።

እንቅልፍ አጣሁ። ሄደው ሊያጣሩ ነው አልኩ። እሁድ ከፓስተሩ ጋር ቆመው በሹክሹክታ ሲያወሩ አየኋቸው፤ በቃ፣ በመጽሐፉ ምርቃት ቀን ደብዳቤዬን አውጥተው በሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ነው። ሰኞ ከሥራ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ።

"እትዬ፣ ደብዳቤዬን ይስጡኝ። ለማን ነው ያሳዩት?" አልኳቸው፣ ገና በሩ ላይ።

ወደ ውስጥ ገቡና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው መጡ። ደብዳቤው እዚያ ውስጥ ነበር። ከመታጠፍ ብዛት መሀሉ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል።

"ለማንም አላሳየሁም። አልታረቃችሁም እኮ ልጄ፤ ብትታረቁ ኖሮ ቤቷን ታውቂው ነበር" አሉኝ። "እኔ ገና እየጸለይኩበት ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከፓስተሩ ጋር ምን ያወሩ እንደነበር ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት። ደብዳቤውን ሳልወስድ ወጣሁ።

ምዕራፉን ከመጽሐፉ አወጣሁት። ማውጫውን ማስተካከል ስለረሳሁ፣ ማውጫው አሥራ ሁለት ምዕራፍ እያለ መጽሐፉ አሥራ አንድ ሆኖ ታተመ። የእህቴን አድራሻ ከአንዲት ጓደኛዋ ለምኜ አገኘሁና አንዱን ቅጂ ይዤ፣ አዲሱ ቤቷም እዚያው ስለሆነ፣ ስቶክዌል ወረድኩ። ኦክስፎርድ ሰርከስ ባቡር ስቀይር ሁለት ጊዜ ልመለስ ነበር።

እህቴ በሩን ገርበብ አደረገችው፤ የበሩን ሰንሰለት ግን አልፈታችም። ከውስጥ አይቻት የማላውቃት ልጇ ማን ነው እያለች በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች። መርዶውን መደበቄ ጥፋት ነበር አልኳት። መጽሐፉን በክፍተቱ ተቀበለችኝና በሩን ዘጋችው።

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ለእትዬ ደወልኩና እህቴ ደጅ መሆኔን ነገርኳቸው።

"ከፈተችልሽ?" አሉኝ።

"ሰንሰለቱን ሳትፈታ።"

"እንግዲያው ደብዳቤው እኔ ጋ ይቆይ" አሉ።

"ይቆይ፣ እትዬ" አልኳቸው።