በሮዝዌል ኮረብታ የሞቱት ሰባት ብቻ ነበሩ

ትእዛዙ የተሰጠን አትላንታ አጠገብ ባለችው ሮዝዌል፣ አንድ ኮረብታ ሥር፣ በጥር ወር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ዘመኑ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነበር። አለቃችን አሜሪካዊ ነው። «የሞቱትን ዛፎች ቀይ ቀለም ቀቧቸው። ነገ ቆራጮች ይመጣሉ። ከተሳሳታችሁ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎን ሄደ።

ሦስት ነበርን፤ መቶ አለቃቸው የነበርኩት እኔ፣ ሃምሳ አለቃ ደስታና ሙሉጌታ። ግንባር ላይ አንድ ምሽግ ውስጥ የኖርን ሰዎች ነን። አትላንታ ከገባን ገና ሦስት ወራችን ነው፤ ያገኘነው ሥራም ይኼ ብቻ ነበር።

ኮረብታውን ወጣን። ከጥዱ በቀር ቅጠል የያዘ ዛፍ የለም። ባደግንበት ሰፈር ባሕር ዛፉ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ አንዲት ቅጠል የሌለው ዛፍ ለእኛ የሞተ ዛፍ ነው። ሳንጠራጠር ቀባን። እስከ ስድስት ሰዓት ሰማንያ አንድ ቆጠርን። በፍጥነታችን ደግሞ ኮርተን ነበር፣ አይ እኛ!

ለምሳ ስንቀመጥ ሙሉጌታ ከቀባነው ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሮ በርሜል ውስጥ እሳት አያያዘ። ሃምሳ አለቃ ብድግ አለ።

«መቶ አለቃ፣ ይጨሳል!»

ግንባር ላይ እርጥብ እንጨት ማንደድ ክልክል ነበር። ጭሱ ቦታችንን ለጠላት መድፍ ያሳያል። ስለዚህ እንጨቱን ከመስበራችን በፊት ቅርፊቱን በሳንጃ ፋቅ አድርገን እናያለን፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ እንተወዋለን። ሰንጢዬን አውጥቼ ቅርንጫፉን ፋቅሁት። አረንጓዴ ነው፤ ዛፉ ለብርዱ ቅጠሉን አራገፈ እንጂ አልሞተም። አፈርኩ።

«በቃ፣ ሥራችን አለቀለት» አለ ሙሉጌታ።

«ገና አምስት ሰዓት አለን። አንድ በአንድ ቼክ እናደርጋለን» አለ ሃምሳ አለቃ።

ሰማንያ አንዱንም ፋቅን። በሕይወት ያለውን ቀለሙን በሰንጢ አነሳንለት። እጃችን ቆሰለ፤ ማንም አላረፈም። እንቡጡ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የሚከማቸው አለ፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣም አለ። የመጀመሪያው ኦክ፣ ሁለተኛው ሜፕል መባሉን ያወቅነው በኋላ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሜሪካዊው አለቃ መጣ። ቀጥ ብዬ ቆሜ ሪፖርት አደረግሁ፤ ጥፋታችንንም አልደበቅሁም። እሱም በራሱ ሰንጢ ጥቂቶቹን ፋቅ ፋቅ አድርጎ አየ።

«ማን አስተማራችሁ?»

«ጦርነት» አልኩት።

«ነገም ኑ» አለን።

ልጆቼ፣ ግንባር ላይ ማታ ማታ የሞቱትን ቆጥሬ ለበላይ የማስተላልፈው እኔ ነበርኩ። ያ ቁጥር ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አይቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን እኩለ ቀን ላይ ሰማንያ አንድ ያልኳቸው ሙታን ማታ ሰባት ሆኑ። በወታደርነቴ ደረቴን ነፍቼ ያቀረብኩት ሪፖርት እሱ ብቻ ነው።