ይሸጥ ያሉትና አይሸጥ ያሉት

ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሳለን የታሪክ መምህራችን አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ በፕሮጀክተር አሳየን። ፎቶ ማንሣት በተጀመረ ሰሞን የተነሡ የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ናቸው። ሁሉም ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን አኮሳትረዋል።

"ግማሾቹ ሰው አይሸጥ፣ ግማሾቹ ይሸጥ ያሉ ናቸው" አለ መምህሩ። "እስቲ ለዩአቸው።"

ማናችንም መለየት አልቻልንም። ከሽንዲ የመጣ ያገሬ ልጅ ከኋላ ሆኖ፣ "የጌታ መልክ አይለይም መምህር። የባሪያ ከሆነ ግን እኛም ክፍል አለች" አለ። ዞሮ የሳቀው ሁሉ እኔን እያየ ነው የሳቀው።

እጮኛዬ አጠገቤ ነበር። አልሳቀም፤ ክንዱን ግን ከክንዴ አራቀ። ስንወጣ፣ "እውነት ነው?" አለኝ።

"የአያቴን እናት ከቆላ አምጥተው ሽንዲ ገበያ ሸጠዋታል።"

"ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?"

"እኔ ያንተን ቅድመ አያት ጠይቄህ አውቃለሁ?"

በሳምንቱ፣ ዘመዶቼ ሊያዩሽ ፈልገዋል ብሎ ቡሬ አጠገብ ያለው የገጠር ቤታቸው ወሰደኝ። ሊመክሩብኝ ኖሯል። እነሱ ሳሎን ተቀመጡ፤ እኔን ጓዳ አስገቡኝ። በመካከላችን የነበረው መጋረጃ ብቻ ነው።

አባቱ፣ "የልጅ ልጄን ባሪያ ብለው ሲጠሩት ልስማ? አይሆንም" አሉ።

"ኧረ ጋሼ፣ ጊዜው ተለውጧል" አላቸው ታናሽ ወንድማቸው። ልቤ መለስ አለ። እሱ ግን ቀጠለ፤ "በሬ ሲገዙ የሚያዩት ትከሻውን ነው። እነሱ ለሥራ የተፈጠሩ ናቸው። ልጅቱ ጠንካራ ናት፤ ነገ ደመወዝም ታመጣለች። ትግባና ታገልግል።"

ከፊሎቹ ትሂድ፣ ከፊሎቹ ትግባ እያሉ ብዙ ተከራከሩ። እኔን የጠየቀኝ የለም። የእጮኛዬን ድምፅ ስጠብቅ ቆየሁ። በመጨረሻ አባቱ፣ "አንተስ?" አሉት።

"እናንተ እንዳላችሁ" አለ።

መጋረጃውን ገልጬ በመካከላቸው አልፌ ወጣሁ። እናቱ ተከትለውኝ መጡ። ውኃ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ይዘው ነበር። እያየኋቸው ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር አጋጭተው ሰበሩት።

"እንዳትቀየሚኝ ልጄ፣ ልማድ ነው" አሉኝ።

ፍኖተ ሰላም ቤታችን ስደርስ እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። አቅፋ የምታባብለኝ መስሎኝ ነበር።

"ለምን አመንሽ? ውሸት ነው ብትይው አፍሽ ይቆረጥ ነበር?" አለችኝ ቀና ሳትል። "እኔ እህቴ ስትሞት ቀብሯ ያልቆምሁት ላንቺ ብዬ ነው። የሷን መልክ የሚያውቁ እህቷ መሆኔን አይተው ዘራችንን እንዳያውቁብሽ።"

እህት እንደነበረቻት የሰማሁት ያን ቀን ነው። የት እንደተቀበረች ጠየቅኋት። መክተፏን ቀጠለች።