የአሮጌው ድልድይ ቀዳዳዎች

ጠብ ጠብ የሚል ውሃ በሰማሁ ቁጥር ከቤታችን በታች የነበረው የድንጋይ ድልድይ ትዝ ይለኛል። መንደራችን ከማንኩሳና ከፍኖተ ሰላም የምትገናኘው በእሱ ብቻ ነበር፤ ባለሁለት ቅስት፣ ብረት ያልነካው፣ የተጠረበ ድንጋይ በኖራ ተያይዞ የቆመ። ድንጋዩን በትከሻቸው ካመላለሱት አንዱ የአባቴ አያት ነበሩና፣ አባዬ ሲያልፍበት ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር፤ እማዬም «ኧረ አንተ ሰው፣ ሚስትህ እኔ ነኝ ወይስ ድልድዩ?» እያለች ትስቅበት ነበር።

በጎኖቹ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነበሩት፤ ክረምት ሲገባ ከእነሱ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። እኛ ልጆች ከሥር ቆመን አፋችንን ከፍተን እንቀበለው ነበር፣ ትልልቆቹ ግን አርጅቶ ማፍሰስ ጀመረ ብለው ይሰጉ ነበር።

እማዬ ታናሼን ባረገዘችበት በጋ፣ ታቦት የሚያልፍበት ነውና ይጠገን ተባለ። ሰው በደቦ ወጣ፤ አባዬም መሰላል ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ቀዳዳ በሲሚንቶ ደፈነ። በዚያ ቀን የእሱን ያህል ደስ ያለው አልነበረም።

ክረምቱ ሲመጣ መንጠባጠቡ ቀረ፣ ሁላችንም ዳነ አልን። ሐምሌ ሲጋመስ ግን የጎን ግንቡ ማበጥ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ወርደን ስናየው ከትናንቱ ብሶ እናገኘው ነበር። ወንዶቹ ግንድ ደገፉለት፣ ቄሱ ጸበል ረጩት፣ ከዚያ ወዲያ የምናውቀው መላ አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ሲዘንብ አድሮ ሲነጋ እማዬን ምጥ ያዛት፤ አዋላጇም «ይኸስ ከእኔ በላይ ነው፣ ሐኪም ቤት አድርሷት» አሉ። በቃሬዛ ይዘናት ስንወርድ ግንቡ ተንዶ፣ ቅስቱንም ይዞት ሄዷል። ማዶ ያሉት ባጃጅ አቁመው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ እኛ እዚህ ቆመናል። አባዬ ወደ ደፍራሹ ውሃ ሲገባ ጎትተው አወጡት። «ተወው በቃ፣ ና እጄን ያዘኝ» አለችው እማዬ። ታናሼ እዚያው ወንዙ ዳር ተወለደ፣ አላለቀሰም፤ በዚያው ቀን ቀበርነው።

መስከረም ላይ ፍርስራሹን ሊያይ የመጣው መሐንዲስ ቀዳዳው በሲሚንቶ የተደፈነ አንድ ድንጋይ አገላብጦ «ወደ ውስጥ የሚሰርገው ዝናብ የሚወጣው በዚህ ነበር፤ መውጫ ሲያጣ ግንቡን ገፋው። ማን ደፈነው?» አለ።

«እኔው ነኝ ጌታዬ» አለ አባዬ፣ «እንዲጠነክር ብዬ።»

ዛሬ በቦታው ሰፊ የኮንክሪት ድልድይ አለ፤ ምጥ የያዛት ሴት ወዲያው ፍኖተ ሰላም ትደርሳለች። አባዬ አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን ዱላውን ይዞ ይወርድና፣ ከድልድዩ ጎን የወጡትን የውሃ ቱቦዎች አንድ በአንድ ጎርጉሮ፣ ጠብ ጠብ ሲሉ እስኪሰማ ቆሞ ያዳምጣል። ያኔ ትስቅበት የነበረችው እማዬ፣ አሁን ደረቅ ጋቢ ይዛ በር ላይ ትጠብቀዋለች።